ለቮልስ የሞተር ክፍል የትኛው ቀለም? ከናይትሮ እስከ ዱቄት ቀለም

ቀለም ሱቅ ገብቶ «ለሞተር የሚሆን ቀለም አለ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወርድለት 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚችል የተጻፈበት ጥቁር ስፕሬይ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ቀለሙም ጠንካራ ይመስላል። ለአሮጌዋ ቮልስ የሞተር ክፍል ግን ከዚህ የባሰ ምርጫ የለም። ይህን ቀለም ግድግዳው ላይ የቀባ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ካርቡሬተር ሲያጸዳ ቤንዚን ጠብ ካለበት፣ በጨርቅ ሲጠርገው ቀለሙ አብሮ ይነሳል፤ ከስሩ ላሜራው ይታያል።

ምክንያቱን ለማወቅ ቮልስ እንዴት እንደምትቀዘቅዝ ማየት ያስፈልጋል። ሞተሯ ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው። ፋኑ ከኋላ መስታወት ስር ባሉት ክፍተቶች የሚገባውን ንጹሕ አየር ይስብና በሲሊንደሮቹና በቴስታዎቹ (በሲሊንደሮቹ ክዳኖች) ላይ ነፍቶ ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ያስወጣዋል። የሞተሩ ላሜራዎችና ዙሪያቸውን የሚይዘው ረጅም ጎሚኒ የላይኛውን ቀዝቃዛ ክፍል ከታችኛው ትኩስ ክፍል ይለያሉ። ስለዚህ ኮፈኑን ከፍተን የምናየው ክፍል የአየር መግቢያ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ትንሽ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ግድግዳው ተራ የመኪና ቀለም የማይችለው ሙቀት አያገኘውም። ባትሪውም እዚህ የለም፤ ከኋላ መቀመጫ ስር ነው፤ ስለዚህ አሲድ አያሰጋም። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውም ፊት ለፊት ነው። እዚህ ቀለም የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከካርቡሬተርና ከፓምፑ የሚንጠባጠብ ቤንዚንና በየቦታው የሚተፋ የሞተር ዘይት። ምርጫው መመዘን ያለበት በዚህ ነው፦ ቤንዚን ሲፈስበት ይቆማል ወይስ ይለቃል?

ከፍተኛ ሙቀት የሚችሉት ቀለሞች የሚሠሩት በሲሊኮን ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ በአየር ብቻ ሲደርቅ የደረቀ ይመስላል እንጂ ጠንክሮ አይያያዝም፤ የሚበስለው በእሳት ነው። ለምሳሌ ቪኤችቲ ፍሌምፕሩፍ የተባለው የአሜሪካ ምርት የሚያዘው አበሳሰል በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ በ204 ዲግሪ 30 ደቂቃ፣ እንደገና 30 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ በመጨረሻም በ316 ዲግሪ 30 ደቂቃ ነው። የሞተሩ ክፍል ግድግዳ የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳ በዕድሜው አያየውም። ያልበሰለ ቀለም ደግሞ ለቤንዚን እንደ ኖራ ነው።

ይህ ማለት ቀለሙ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ቦታው ማርሚታው (የጭሱ ድምፅ ማፈኛ)፣ የጭስ ቱቦዎቹና የማሞቂያው ሳጥኖች ናቸው። እዚያ ላይ ሌላ ምንም ቀለም አይቆምም። ሲቀባም ስሩ ተራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ንብር) መግባት የለበትም፤ ፕራይመሩ ተቃጥሎ የላዩን ይዞት ይወርዳል። የተፋቀ፣ በቲነር የተጠረገ ባዶ ብረት ላይ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይረጫል። ምድጃ ከሌለ የሚበስለው ሞተሩን በማስነሳት ነው፤ 10 ደቂቃ ያህል አስነስቶ ማጥፋትና ሙሉ በሙሉ እንዲቀዘቅዝ መተው፣ ቀጥሎ 20 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 30 ደቂቃ። በመጀመሪያው ጊዜ ጭስና ሽታ ይኖራል፤ ቤት ውስጥ ወይም በዝግ ጋራዥ አይሠራም። ቀለሙ ገና ሳይበስል መኪናውን ዝናብ ላይ ማውጣት ማርሚታውን በሳምንት ያዝገዋል። የብረት ሲሊንደሮቹም ዝገት እንዳይዛቸው ይህንኑ ቀለም በጣም በስሱ አንዴ ቢረጩ ጥሩ ነው፤ በክንፎቹ መካከል እስኪሞላ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ግድግዳውና ወደ ላሜራዎቹ እንሂድ።

ናይትሮ ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ በሩብ ሰዓት ይደርቃል፣ ቀለም ቀቢዎቻችንም እጃቸው የለመደው ነው። ከተሳሳቱበትም አሸት አድርጎ መድገም ይቻላል። ለበር ጓዳ፣ ለዳሽቦርድ ብረት ክፉ አይደለም። ለሞተር ክፍል ግን አይሆንም። ናይትሮ የሚደርቀው ቲነሩ ተኖ ስለሚያልቅ ብቻ ነው፤ በውስጡ ምንም የኬሚካል መያያዝ አይፈጠርም። በቲነር የሟሟ ነገር ደርቆም ቢሆን እንደገና በቲነር ይሟሟል፤ ቤንዚንም ቀስ እያለ ያለሰልሰዋል፣ ያደበዝዘዋል። በአዲስ አበባ ሌላም ችግር አለበት። ክረምት ላይ ሲረጭ ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ያለው እርጥበት ቀለሙ ላይ ይጠልና ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይተዋል። ጥቁር ቀለም ላይ ሲሆን ወዲያው ይታያል። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ጨምሮ አንዴ በስሱ መርጨት ያስተካክለዋል፤ ግን ለምን እዚያ ድረስ?

በተለምዶ የዘይት ቀለም የሚባለው፣ ለበርና ለመስኮት ብረት የሚሆነው፣ ከናይትሮ ይልቅ ቤንዚን ይችላል። ችግሩ መድረቂያው ነው፤ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ለሳምንታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ብሎን ሲታሰርበት ከስሩ ይጨማደዳል፣ አቧራም ይሰበስባል። በብሩሽ ከተቀባ የብሩሹ መስመር አይጠፋም። የአጥር በር መልክ ይሰጣታል።

ከሁሉም የሚበልጠው በሃርድነር (በማጠንከሪያ ፈሳሽ) የሚሠራው ባለሁለት ክፍል አክሪሊክ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ «ቱኬ» የሚባለው። ሃርድነሩ ከቀለሙ ጋር በኬሚካል ስለሚያያዝ፣ አንዴ ከበሰለ ቤንዚን አይመልሰውም። ዘይት ሲፈስበት በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ልዩነቱን ለማመን ለሚፈልግ ሰው ቀላል መፈተኛ አለ። በሁለት ቁራጭ ላሜራ ላይ ናይትሮና ቱኬ ቀብቶ ለሁለት ሳምንት መተው፤ ከዚያ በቤንዚን የራሰ ጥጥ በሁለቱም ላይ አስቀምጦ 10 ደቂቃ መጠበቅ። ጥጡን አንስተን በአውራ ጣት ጥፍር ስንጫነው ናይትሮው ላይ የጥፍሩ ቅርጽ ይቀራል፤ ጥጡም ቀለም ይይዛል። ቱኬው ላይ ጥፍሩ ይንሸራተታል፤ ጥጡ ነጭ እንደሆነ ይነሳል። ሱቅ ውስጥ «ይኸም ያው ነው» እየተባለ የሚቀርብን ማንኛውንም ቀለም በዚሁ መንገድ መፈተን ይቻላል።

ከቱኬ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት አለ፤ ራሱ የሚያብረቀርቀው ባለአንድ ደረጃና በላዩ ቫርኒሽ የሚፈልገው። ለሞተር ክፍል ባለአንድ ደረጃው ይሻላል እላለሁ። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ተራ ቀለሞቿ ቫርኒሽ አልነበራቸውም፤ የሞተሩ ክፍልም ከአካሏ ጋር አንድ ቀለም ነበር፤ በቫርኒሽ የተንቆጠቆጠ የሞተር ክፍል ከዕድሜዋ ጋር አይሄድም። ሥራውም ያጥራል፤ ብሎን ነካክቶት የተላጠ ቦታ በትንሽ ብሩሽ ይጠገናል። ቫርኒሽ ያለበት ላይ ጥገናው ሁልጊዜ ይታያል። ብረታማ ቀለም ከሆነ ግን ቫርኒሽ ግድ ነው።

ስለ ቀለሙ መልክ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ባለቤቶች «ቆሻሻ አያሳይም» ብለው ክፍሉን በሙሉ ጥቁር ያደርጉታል። እባካችሁ ይቅር። ፋብሪካው ጥቁር ያደረገው የሞተሩን ላሜራዎችና የፋኑን ቤት ነው፤ ግድግዳው የአካሏ ቀለም ነው። በነጭ ወይም በሰማያዊ ግድግዳ ላይ የወጣ ዘይት ከየት እንደተነሳ በአንድ እይታ ይታያል፤ የቤንዚን ቱቦ ሲያልብም ቡናማ መስመር ይተዋል። ጥቁር ላይ ይህ ሁሉ ይደበቃል። ቤንዚን የሚያልብን ቱቦ ቀድሞ ማየት በቮልስ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያው ነው።

ትክክለኛውን ቀለም ለማግኘት የቀለም ኮዱ ብዙ ጊዜ ከፊት ባጋልዮ ውስጥ፣ ከትርፍ ጎማው ጀርባ በወረቀት ተለጥፎ ነበር። ኤል የሚለው ፊደልና ቁጥር ነው፦ ኤል41 ጥቁር፣ ኤል87 ዕንቁ ነጭ፣ ኤል456 ሩቢ ቀይ፣ ኤል282 ሎተስ ነጭ። ወረቀቱ ከጠፋ የኋላ ኮፈኑ የሚያርፍበትን ጎሚኒ ነቅሎ ከስሩ ያለውን ቀለም ማየት ነው፤ እዚያ ፀሐይ ስለማይነካው የመጀመሪያውን ቀለም ጠብቆ ይገኛል። ለሚያዋህደው ባለሙያ ፀሐይ ያደበዘዘውን የበር ወይም የፓራፋንጎ ቀለም ማሳየት ሌላ ቀለም ይዞ መመለስ ነው። መኪናዋ በሙሉ ተቀብታ ከሆነ ግን ከአሁኑ ቀለሟ ጋር ማስተካከል ይሻላል፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሁለት ቀለም ከሚታይ።

ስለሌሎቹ በአጭሩ። እስከ 260 ዲግሪ ይችላል የሚባለው የሞተር ስፕሬይ ለፋኑ ቤትና ለላሜራዎቹ ይሆናል፤ ቀለሙ ፋብሪካው ከሰጠው ግማሽ አብረቅራቂ ጥቁር ጋር ይቀራረባል። ቤንዚን የሚችለው ግን በደንብ ከበሰለ በኋላ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከተረጨ በኋላ ላሜራዎቹን ለቀናት ፀሐይ ላይ መስቀል አለበት። ስሩ ላይ የሚጫን ሃርድነር የያዘው ባለሁለት ክፍል ስፕሬይ ከተገኘ ይበልጣል፤ አንዴ ከተጫነ ግን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጣሳው ውስጥ ይጠነክራል፤ የሚቀባው ሁሉ ተዘጋጅቶ ካልጠበቀ ገንዘብ መጣል ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው «በሻንጣ ላክልኝ» ማለቱ አይቀርም። ተቀጣጣይ የቀለም ስፕሬይም ሆነ ሃርድነርና ቲነር በመንገደኛ ሻንጣ፣ በእጅም ሆነ በሚጫነው፣ አይፈቀድም። ዘመድን ፍተሻ ላይ ከማስጨነቅ ጎሚኒዎቹንና ማሰሪያዎቹን ማስመጣት ይሻላል፤ እዚህ እንደልብ አይገኙም።

ፖር-15 የሚባለው ዝገት ላይ የሚቀባ ቀለም በአሮጌ መኪና ወዳጆች ዘንድ ስሙ ትልቅ ነው። የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ነው፤ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው፤ ቤንዚንም አይነካውም። ግን ልሙጥና አዲስ ላሜራ ላይ ከተቀባ እንደ ፕላስቲክ ይላጣል፤ ሸካራ ወይም የዛገ ብረት ይፈልጋል። ፀሐይ ካገኘው ስለሚደበዝዝና ስለሚነጣ በላዩ ሌላ ቀለም ግድ ነው፤ የላዩ ቀለም ደግሞ እንዲይዝ ፖሩ ጣት ላይ ሊጣበቅ ሲል፣ ሙሉ ሳይደርቅ መቀባት አለበት። የተከፈተ ጣሳ ክዳኑ ስር ፕላስቲክ ካልተደረገ ዳግመኛ አይከፈትም። ቆዳ ላይ ከደረቀ ሳሙናም ቲነርም አያወጣውም። ለሞተሩ ክፍል የታችኛው ጠርዝና ለኋላው ቀሚስ (ከኮፈኑ ስር ላለው ላሜራ) የውስጥ ገጽ ጥሩ ነው፤ ለሚታየው ግድግዳ አያስፈልግም።

የዱቄት ቀለም በኤሌክትሪክ ተረጭቶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ምድጃ ይበስላል። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ድርጅቶች ምድጃው ስላላቸው ላሜራዎቹን ብቻ ነቅሎ መውሰድ ይቻላል። ጥንካሬው የማይካድ ነው። ሁለት ነገር ግን ይበላሻል። የዱቄት ቀለም ወፍራም ስለሆነ ላሜራዎቹ የሚገጣጠሙበት ጠርዝ አልገባ ይላል፤ የብሎን ጥርሶችም ይሞላሉ፤ ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ቀድመው ሙቀት በሚችል ፕላስተር መሸፈን አለባቸው። ሌላው ስቱኮ ነው፤ ተራ ስቱኮ የነካው ላሜራ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ስቱኮው ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። የታጠፈ ላሜራ በመዶሻ ብቻ ቀንቶ የመጣ ከሆነ ይሂድ፤ አለበለዚያ በቱኬ ይቀባ። በክሮም የተነከረ የፋን ቤትም በየጊዜው ይጠየቃል። ለዓይን ያምራል፤ ግን የተወለወለ ክሮም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ጥቁር ቀለም ከክሮም በብዙ እጥፍ ሙቀት በጨረር ይለቃል። ሞተሯ በነፋስ ብቻ ለምትቀዘቅዝ መኪና ጥቁሩ ትክክል ነው።

አሠራሩ

ሞተሩ ሳይወጣ የሚቀባ የሞተር ክፍል ግማሽ ሥራ ነው። በቮልስ ደግሞ ሰበብ የለም። ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ብቻ ነው፤ 17 ቁልፍ ይበቃል። የባትሪው ገመድ ቀድሞ ይነቀላል፤ ከዚያ የዲናሞው፣ የኮይሉና የዘይት መብራቱ ሽቦዎች፤ የቤንዚን መስጫ ገመዱ፤ የማሞቂያው ገመዶች፤ ከስር የቤንዚኑ ቱቦ ተነቅሎ በብሎን ይደፈናል። መኪናዋ ከኋላ ከፍ ብላ በጠንካራ ድጋፍ ላይ መቆም አለባት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ሞተሩ በሌላ ክሪክ ተደግፎ ወደ ኋላ ይሳብና ይወርዳል። ለሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ቀጥሎ ከሞተሩ ክፍል ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ ያለው ጥቁር የሬንጅ ካርቶን ይነሳል። ከጀርባው ዝገት ተደብቆ ይገኛል፤ በተለይ የኋላ መስታወቱ ጎሚኒ ያረጀባት መኪና ውሃው እዚያ ይወርዳል። መስታወቱ ሳይታተም ቀለም መቀባት ዝገቱን በአዲስ ቀለም መሸፈን ብቻ ነው።

እጥበቱ ከሁሉም ይበልጣል። የአርባና ሃምሳ ዓመት ዘይት በቤንዚን ብቻ አይሄድም፤ ቤንዚን ዘይቱን አሟሙቶ በስሱ መልሶ ይለጥፈዋል። በቤንዚን ወይም በጋዝ ከተለቀቀ በኋላ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና በብሩሽ ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ ይደርቃል፤ ከዚያ በሁለት ነጭ ጨርቅ፣ በአንዱ ቲነር እያስነኩ በሌላው ሳይደርቅ እያነሱ ይጠረጋል። ሁለተኛው ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥላል። ኮስቲክ ሶዳ የሚጠቀሙ አሉ፤ ለላሜራው ይሆናል፤ ለአሉሚኒየም ግን መርዝ ነው፤ ቴስታዎቹንና ካርቡሬተሩን ይበላል። ጎማ ማብሪያና ዳሽቦርድ ማብሪያ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ከተረጨ ቀለሙ ክብ ክብ ጉድጓድ እየሠራ ይሸሻል፤ ያ የሲሊኮን ሥራ ነው፤ በማጠብ እንጂ ቀለም በመጨመር አይጠፋም።

የቆየው ቀለም ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቱኬ መርጨት ትልቅ ኪሳራ ያመጣል። ቲነር የነካ ጥጥ በአሮጌው ቀለም ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቀመጥ። ቀለሙ ከለቀቀ ወይም ከተጨማደደ በመሃል አንድ ጊዜ በናይትሮ ተቀብታለች ማለት ነው፤ ሙሉ በሙሉ መፋቅ አለበት፤ ያለዚያ የቱኬው ቲነር ከስር ያለውን አንስቶ ገጹን ያሸበሽበዋል። ካልለቀቀ የፋብሪካው ወይም የድሮ ቱኬ ነው፤ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ ማሸት ይበቃዋል።

የዛገው ቦታ በሽቦ ብሩሽና በ80 ከዚያም በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጩ ብረት ይፋቃል። በፎስፈሪክ አሲድ የሚሠራ የዝገት መድኃኒት ከተቀባ በኋላ በደንብ ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ የቀረው አሲድ በላዩ የሚመጣውን ኤፖክሲ ፕራይመር እንዳይጠነክር ያደርገዋል። አንዳንድ ቦታ ጥቃቅን ጉድጓድ ካለ ስቱኮው የሚገባው ኤፖክሲው ላይ ነው። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ባዶ ብረት ላይ ከተደረገና ከተሰነጠቀ ከስር ሆኖ ያዝገዋል።

የመጠኑን ነገር ብዙ ሰው ያበዛዋል። ለቮልስ የሞተር ክፍልና ለኮፈኑ የውስጥ ገጽ ሩብ ሊትር የተዋሃደ ኤፖክሲና ግማሽ ሊትር ያህል የተዋሃደ ቱኬ ይበቃል። ሁለት ለአንድ በሆነው ቱኬ ይህ ማለት 320 ሚሊ ሊትር ቀለም፣ 160 ሚሊ ሊትር ሃርድነርና 40 ሚሊ ሊትር ያህል ቲነር ነው። አራት ለአንድ የሚሆንም ስላለ ጣሳው ላይ የተጻፈው ይበልጣል። መለኪያው መስመር ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ይሁን። በዓይን ግምት ሃርድነር ካነሰ ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ቤንዚን የመቋቋሙ ነገርም አከተመ። ከበዛ ደግሞ ይሰባበራል። ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት የሠራ ወይም የደፈረሰ ሃርድነር እርጥበት ገብቶበታል፤ ሻጩ የቱንም ያህል ቢቀንስ አይገዛም።

ለአዲስ አበባ አየር ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ወሩ ደግሞ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የተረጨ ቱኬ ሌሊቱን ሳይበስል ያድራል፤ ጠዋት ብርሃኑ ጠፍቶ፣ ደብዝዞ ይገኛል። ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቲነር ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይተናል፤ ፈጣን ቲነር ከተጨመረ ቀለሙ ገጹ ላይ ሳይረጋ ደርቆ ሸካራ ይሆናል። መካከለኛው ወይም ቀስ ብሎ የሚተነው ይመረጣል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ የሚሠራ ሰው ቀስ ብሎ የሚተነውን ብቻ ይያዝ።

ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ የስፕሬይ ጋኑ ነፋስ ከማዕዘን ተመልሶ ቀለሙን ይበትነዋል። 1.3 ወይም 1.4 ሚሊ ሜትር አፍ፣ ከተለመደው ዝቅ ያለ ግፊት፣ ጠበብ ያለ ርጭት። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ግድግዳዎቹ በመጨረሻ። የመጀመሪያው ንብር ስስ ይሁን፤ 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁለተኛው ሙሉ ይረጫል። ሦስተኛ አያስፈልግም። በተለይ ጎሚኒው የሚገባበት ቦይ ላይ ቀለም ከተከመረ ጎሚኒው አይቀመጥም፤ ጎሚኒው ካልተቀመጠ ትኩሱ አየር ከስር ወደ ላይ ይወጣና ፋኑ መልሶ ይስበዋል፤ ሞተሩ ይግላል። በቀለም ምክንያት ሞተር የሚግለው እንዲህ ነው።

የቱኬ ሃርድነር ኢሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት። ሳንባን ያስቆጣል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት ጥቂቱ እንኳ አስም ያስነሳል። ሽታው ደካማ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። የአቧራ ጨርቅ አፍ ላይ አስሮ መርጨት ራስን መግደል ነው፤ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል፣ ጓንትና ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ላሜራውን አጽድቶ ኤፖክሲ ድረስ አድርሶ ርጭቱን መሣሪያው ላለው ቀለም ቀቢ መስጠት ነው።

ሞተሩ ላይ የማይቀቡ ነገሮች አሉ። ብሎኩ ማግኒዥየም የበዛበት ቅይጥ ነው፤ ሙቀት የሚለቀው በራሱ ገጽ ስለሆነ ወፍራም ቀለም አይደረግበትም፤ ታጥቦ ባዶውን ይቀመጥ። በፍላክሲብል (በመፍጫ ማሽን) መፋቅም አይገባም፤ የማግኒዥየም ዱቄት ይቀጣጠላል፣ ውሃም አያጠፋውም። ከዲናሞው መቆሚያ ስር የተመታው የሞተር ቁጥር ቀለም አይነካውም፤ ቦሎ ሲመረመር መነበብ አለበት። የዘይት ማቀዝቀዣው ክንፎች፣ ካርቡሬተሩ፣ የካንዴላ ገመዶቹ፣ የቤንዚን ቱቦው በወረቀትና በፕላስተር ይሸፈኑ። በተለይ የቤንዚን ቱቦ ቀለም ከነካው ስንጥቁ ስለማይታይ ያለ ክርክር ይቀየር። የኮይሉ ማሰሪያ የሚያርፍበትና ሽቦ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ባዶ ብረት ሆኖ ይቆይ።

ቱኬው በማግስቱ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ቤንዚን የሚችለው ግን ቢያንስ ከሳምንት በኋላ፣ በብርድ ወቅት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ሞተሩ ባይገባ ይመረጣል። ሲገባም የኋላው ጠርዝ በወፍራም ጨርቅ ወይም በካርቶን ይሸፈን፤ አዲስ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚላጠው ሞተሩ ሲገባ የፋኑ ቤት ጠርዙን ሲመታው ነው።

የተረፈው ያልተዋሃደ ቀለም በትንሽ የብርጭቆ ዕቃ እስከ አፉ ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ባዶ ቦታ ካለው ላዩ ይረጋል። ሃርድነሩም በጥብቅ ተከድኖ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ለጥገና ሲፈለግ 10 ሚሊ ሊትር ቀለም በ5 ሚሊ ሊትር ሃርድነር በመርፌ ተለክቶ ይዋሃድና በቀጭን ብሩሽ ይነካል። የተዋሃደው ለነገ አይቀመጥም።